የዘርዓ ያዕቆብ ሕይወት፤ መልካሙን በልቡናው ብርሃን ስለ ፈለገ ሰው



መልካሙን ከክፉው የምትለየው በምንድር ነው? አባትህ ስለ ነገረህ ነውን? ሕግ ስላዘዘህ ነውን? ወይስ ነገሩ ራሱ መልካም ሆኖ ስላገኘኸው ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ይኖራል፤ ሳይጠይቅም ይሞታል። ዛሬ ግን ይህን ስለ ጠየቀ፥ ስለ ጠየቀም ከአገሩ ተሰዶ በዋሻ ስለ ተቀመጠ አንድ የአክሱም መምህር ልተርክልህ እወዳለሁ። ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል። በ1468 ከሞተው ከንጉሡ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር አታምታታው። ያኛው በዙፋን የተቀመጠ ነው፤ ይህ ግን ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተወለደ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው። ዓመታቱን ሌላ ምልክት ካላደረግሁባቸው በቀር በአውሮጳ አቆጣጠር እሰጥሃለሁ።

አንተ በሐዋሳ የምትኖር ሰው፥ የአክሱም መምህር ታሪክ ምን ይጠቅመኛል ትል ይሆናል። እስቲ ዙሪያህን ተመልከት። ከተማችን ገና ወጣት ናት። በታቦር ተራራ ሥርና በሐይቁ ዳር የሲዳማው፥ የወላይታው፥ የጉራጌው፥ የአማራውና የኦሮሞው ልጅ በአንድ ገበያ ይገዛል፥ ይሸጣል። እሑድ ማለዳ ከአንዱ ወገን ቅዳሴ፥ ከሌላው ወገን መዝሙር ይሰማል፤ ዓርብ ቀትርም የመስጊዱ ጥሪ ይሰማል። እያንዳንዱም የጽድቅ መንገድ በእኔ ዘንድ ናት ይላል። ሁሉም እንዲህ ሲል የሰማ ሰው በማን ሚዛን ይመዝን? የዘርዓ ያዕቆብ ጭንቀት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ በእርሱ ዘመን መልስ ያጣ ሰው አንገቱን ይቀጣ እንደ ነበር ነው።

መጽሐፉ እንደሚነግረን የተወለደው በአክሱም አውራጃ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ 1599 ብለው ይጽፉታል። በጥምቀት የተሰጠው ስም ዘርዓ ያዕቆብ ሲሆን ሰዎች ወርቄ ይሉት ነበር። ገና ብላቴና ሳለ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ከትልቅ ገደል ወድቆ አንዳች ሳይሆን ተረፈ። ዳዊት ደገመ። ወደ ዜማ ቤት ቢሰዱት ድምፁ ሻካራ ነበረና አልሆነለትም፤ ስለዚህ ወደ ሰዋስውና ወደ ቅኔ ዞረ፥ አራት ዓመትም ተማረ። ከዚያም በመጻሕፍት ትርጓሜ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ። ድምፁ ያማረ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በማኅሌት ሲያሸበሽብ ዕድሜውን በፈጸመ፥ እኛም ስሙን ባልሰማን ነበር።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አክሱም ተመለሰና አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ሆነ። ንጉሥ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ስብከት የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ ነበር። በ1625 ፓትርያርኩ አልፎንሱስ ሜንዴዝ ከገባ በኋላ በ1626 ንጉሡ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት መታዘዙን በአደባባይ አወጀ። ይህ በሆነ ጊዜ አገሪቱ በሁለት ተከፈለች፤ ገበሬው ዐመፀ፥ የንጉሡም ጭፍራ ገደለ። አባት ከልጁ ጋር ተለያየ።

በዚህ መካከል ዘርዓ ያዕቆብ ሲያስተምር እንግዳ አካሄድ ነበረው። አንዱን ምዕራፍ ሲተረጕም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፥ ግብጻውያን ደግሞ እንዲያ ይላሉ ብሎ ሁለቱን በፊት ለፊት ያኖር ነበር። ይህኛው እውነት ነው፥ ያኛው ሐሰት ነው አይልም፤ እኛ መልካም ብንሆን ሁሉም መልካም ነው በማለት ያልፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ሰላም ያገኛል ብለህ ታስብ ይሆናል። አላገኘም። ፈረንጆቹ ከግብጻውያን ወገን ነው አሉት፥ ግብጻውያኑም ከፈረንጆች ወገን ነው አሉት። ሁለት ሰዎች በሚጣሉበት ስፍራ በመካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ዱላ ይቀበላል።

በአክሱም ወልደ ዮሐንስ የሚባል ካህን ነበረ። በቅንዓት ተነሥቶ ይህ ሰው ሕዝቡን በአንተ ላይ ያስነሣል፥ ፈረንጆችንም እንግደል ይላል ብሎ ለንጉሡ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን በሰማ ጊዜ ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ በሌሊት ሸሸ። ወደ ሸዋ ሲወርድ በተከዜ አጠገብ ሰው የማይኖርበት በረሃ አገኘ፤ በገደሉ ሥርም ያማረ ዋሻ ነበረ። አውሬ እንዳይገባበት አጠረው፥ በዚያም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ምግብ ባለቀበት ጊዜ ወደ መንደርና ወደ ገበያ ይወጣል፤ ሰዎቹም መናኝ መስሏቸው የሚበላውን ይሰጡት ነበር።

ሸሽቶ መዳኑ ትክክል ነበረን? ይህን በችኮላ አትፍረድ። ከእኛ ዘመን ሰው ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስብ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩ ናቸው። ወዳጆቻቸው ከአገር ይውጡ ብለው ቢለምኗቸው እንቢ ብለው ቀሩ፤ በሐምሌ 1979 በደርግ ሰዎች ተይዘው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና መንጋ የተሰጣቸው እረኛ ነበሩ፥ ቢሄዱ የሚበተን ሕዝብ ነበራቸው። ዘርዓ ያዕቆብ ግን በሐሰት የተከሰሰ ብቸኛ መምህር ነበረ፤ ቢቀር የሚያድነው ሰው አልነበረውም። የምግባር ሊቃውንት ግዴታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ለሁሉ ሰው በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ አይደለም፥ ሰው በቆመበት ስፍራና በተቀበለው አደራ ይለካል። የሸሸውን ፈሪ፥ የቀሩትንም ግትር የሚል ሰው ሁለቱንም አላወቀም።

አሁን ወደ ዋሻው እንግባ፤ የነገሩ ሥር በዚያ ነውና። በዋሻው ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ ዳዊቱን እየደገመ ይጸልይ ነበር። አንድ ቀን ግን የምጸልይለት በእውነት የሚሰማኝ አለን ብሎ ራሱን ጠየቀ። ይህ ጥያቄ አስደነገጠው። ቆይቶም ጆሮን የፈጠረ እንዴት አይሰማም የሚለው የመዝሙሩ ሐሳብ ወደ ልቡ መጣ፤ ከዚያም ተነሥቶ እኔን ማን ፈጠረኝ፥ አባቴና እናቴ ናቸው፥ እነርሱንስ ማን ፈጠራቸው እያለ ወደ ኋላ ሄደ። በመጨረሻም ያልተፈጠረ ፈጣሪ ከሌለ የተፈጠረው ሁሉ መነሻ የለውም ብሎ ጸና። እኔን የሚያስብ አእምሮ የሰጠኝ እርሱ ራሱ የማያስብ ሊሆን አይችልም አለ።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ ለአንተ ለሐዋሳው አንባቢ የሚቀርበውም ይህኛው ነው። ፈጣሪ አንድ ከሆነ ሰዎች ሁሉ ስለ ምን በሃይማኖት ይጣላሉ? እያንዳንዱ እግዚአብሔር ለእኔ ነገረኝ ካለ እውነተኛው ማነው? ዘርዓ ያዕቆብ ያገኘው መልስ፥ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ፥ መመርመር ድካም ስለሆነ ይፈሩታል፥ ከዚያም ገንዘብና ክብር የሚፈልግ ሰው በሐሰት ላይ ሐሰት ይጨምራል የሚል ነው። ስለዚህ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛውም እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ያበራው የልቡና ብርሃን ነው። ትእዛዝ ሁሉ በዚህ ብርሃንና በፍጥረት ሥርዓት ፊት ይመዘን፤ ከፍጥረት ሥርዓት ጋር የሚጣላ ትእዛዝ ከፈጣሪ የመጣ አይደለም።

ይህ ጥያቄ አሮጌ ነው። ከክርስቶስ ልደት አራት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የግሪኩ አፍላጦን በአንድ መጽሐፉ ሶቅራጥስን እንዲህ ሲጠይቅ አቅርቦታል፤ መልካም ነገር አማልክት ስለ ወደዱት መልካም ሆነ፥ ወይስ መልካም ስለሆነ ወደዱት? ፊተኛውን ብትመርጥ፥ ነገ መግደል መልካም ነው ቢባል መልካም ሊሆን ነው። ሁለተኛውን ብትመርጥ፥ መልካምነት በራሱ የሚታወቅበት መንገድ አለ ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቶማስ አኲናስ የፈጣሪ ጥበብ በፍጥረት ውስጥ ተጽፎአል፥ የሰው ልቡናም ያነበዋል ብሎ አስታረቀው፤ ይህንም የተፈጥሮ ሕግ ይሉታል። የዋሻው መምህር ያለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደ ተጻፈ መስክሮአል። ስለዚህ ልቡናን መጠየቅ ክህደት ነው የሚል ወንድም ካለ ያንን ምዕራፍ ገልጦ ይመልከት።

በእኛም አገር የሲዳማ ሽማግሌዎች ሀላሌ የሚሉት ነገር አላቸው። ሀላሌ እውነት ማለት ነው፤ ነገር ግን በአፍ የሚነገረው ብቻ አይደለም፥ ሰው እንዴት መኖርና እንዴት መፍረድ እንደሚገባው የሚለካበት ነው። ዘመድህ ቢሆንም እውነቱ ከጠላትህ ጋር ከሆነ ከጠላትህ ጋር ፍረድ ይላል። በሸንጎም ተቀምጠው ነገሩን ሰማችሁን እየተባባሉ በትዕግሥት ይመረምራሉ። የግዕዝ መጽሐፍ ያላነበበ የሲዳማ ሽማግሌ የአክሱሙ መምህር ወደ ደረሰበት በር በሌላ መንገድ መድረሱ አስደናቂ ነው። ስለ ግብረ ገብ ሲነገር ሁሉ ከአቴና ብቻ የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነበር።

ዘርዓ ያዕቆብ ሚዛኑን ካነሣ በኋላ ማንንም አልማረም። መነኮሳት ጋብቻን ከምንኵስና በታች ማድረጋቸውን ነቀፈ፤ ፈጣሪ ወንድና ሴት አድርጎ የፈጠረው ዘር እንዲበዛ ነውና። ብዙ ሚስት ማግባትን ነቀፈ፤ ወንዱና ሴቱ በቍጥር ተመጣጥነው ይወለዳሉና አንዱ ዐሥር ቢያገባ ዘጠኙ ባዶ ይቀራሉ። የጾምን ሥርዓት ነቀፈ። ሴት በወር ልማዷ ርኵስ ናት የሚለውን የሙሴን ሕግ ነቀፈ። ከዐሥሩ ቃላት ከሰንበት በቀር ዘጠኙን ልቡና ያውቃቸዋል አለ። ከሁሉ ይልቅ ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥን አወገዘ፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት ወንድማማች ሆነው እኩል ተፈጥረዋልና።

እኔ ወንጌልን የምሰብክ ሰው ነኝና በሁሉ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ልቡና ብርሃን ነው፤ ነገር ግን የኵራዝ ብርሃን ጥላም ይጥላል። ከሳሹ ወልደ ዮሐንስም ልቡና ነበረው፥ ቅንዓት ግን አጨለመው። ልቡናውን ማን ያነጻዋል ለሚለው ጥያቄ የዋሻው መምህር በቂ መልስ አልሰጠም፤ ወንጌል ሥራውን የሚጀምረው እርሱ ካቆመበት ስፍራ ነው። ስለ ጾምም የተናገረው ፈጥኖ ነው፤ ሰው ለድኻ ለመስጠት ሲል ቢጾም ከፍጥረት ጋር የሚጣላበት ነገር አይታየኝም። ይሁን እንጂ ስለ ባርነት የተናገረውን ስሰማ አፌን እይዛለሁ። ፍትሐ ነገሥቱ ነጻነት ከተፈጥሮ ነው እያለ በጦርነት የተማረከው ግን ባሪያ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ስንት ካህናት፥ ስንት መኳንንት፥ ስንት ጸሎተኞች ባሪያ ይዘው ቈርበዋል! ልቡና ነበራቸው፥ መጽሐፍም ነበራቸው፤ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ።

በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፥ በዚያው ዓመትም ሞተ፤ ልጁ ፋሲለደስ ነገሠ። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ወደ አክሱም ግን አልተመለሰም፤ ጠላቱ በዚያ ነበረና። ወደ በጌምድር ሄደ፥ በእንፍራዝም ሀብቱ የሚባል ባለጠጋና ቸር ሰው ቤት ደረሰ። ወደ ዘመዶቹ ደብዳቤ ለመጻፍ ቀለምና ብራና ሲለምን ሀብቱ ጽሕፈት ማወቁን አየ፤ በቤቱም አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ዳዊት እየገለበጠ፥ የሀብቱንም ልጆች እያስተማረ በእጁ ሥራ ይበላ ጀመር። ከልጆቹ አንዱ ወልደ ሕይወት ይባላል፤ ኋላ እርሱም ጸሐፊ ሆነ።

በሀብቱ ቤት ሂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። መልኳ ያማረ አልነበረም፥ ነገር ግን ጠባየ መልካም፥ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ ሊያገባት ወደደና ጌታዋን ጠየቀ። ሀብቱም ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ገረድ ናት ብሎ ሰጠው። ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ስጦታ ነበረ፥ ማንም ሰው እጅ ነሥቶ በተቀበለው። እርሱ ግን ገረድ አልፈልግም፥ ሚስት ነው የምፈልገው አለ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ገረድና ጌታ ልንባል አይገባም አለ። በዚህም አልተወውም፤ እርሷን ራሷን ትወድጂኛለሽን ብሎ ጠየቃት።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ትንሽ ቁም። ስለ ምግባር የተጻፉ ታላላቅ መጻሕፍት ሁሉ በዚህች ጓዳ ሊፈተኑ ይችላሉ። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ሥራ መልካምነት በሚያስገኘው ደስታና በሚያርቀው ሕማም ይለካል ብሎ አስተማረ፤ ጆን ስቱዋርት ሚልም ትምህርቱን አስፋፋው። በዚህ ሚዛን ብቻ ብትመዝን ሀብቱ ደስ አለው፥ ዘርዓ ያዕቆብም ሚስት አገኘ፥ ሂሩትም ከድኽነት ወጣች፤ እንግዲህ እርሷን መጠየቅ ምን ያስፈልጋል ትል ይሆናል። ሚል ራሱ በ1869 ስለ ሴቶች መገዛት የጻፈ ሰው ነውና ይህን ባልወደደም ነበር፤ ነገር ግን ሒሳቡ ብቻውን ወደዚያ ሊወስድ ይችላል። ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት በ1785 እንደ ጻፈው ከሆነ ግን ሰውን ለሌላ ጥቅም መሣሪያ ብቻ አድርገህ ልትይዘው አይገባህም፤ ሰው ራሱ ግብ ነውና። ያልተጠየቀች ሙሽራ፥ ጠግባ ብታድርም፥ ዕቃ ናት። አርስጣጣሊስ ደግሞ ሕጉን ትቶ ሰውዬውን ይመለከታል፤ መልካም ጠባይ በልማድ የሚገኝ ነው፥ ጻድቅ ሰው ጽድቅን እየሠራ ጻድቅ ይሆናል ይላል። ይኸው አርስጣጣሊስ ግን አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ጽፎአል። ለታላቅ ስም ስትሰግድ ይህን አስታውስ።

እስቲ ደግሞ ወደ ቤትህ ተመልከት። ከሐዋሳ ዙሪያ ገጠሮች ወደ ከተማው ለሥራ የምትመጣ ልጅ በስንቱ ጓዳ አለች! እርሷ የምትተኛው የት ነው? ደመወዟን በቀኑ ትቀበላለችን? ማታ ትምህርት ቤት ልሂድ ብትል ምን ትላታለህ? ስሟንስ ትጠራለህ፥ ወይስ አንቺ ልጅ ብቻ ትላታለህ? የጸሎት ቤት አገልጋይ ሆኖ በዚህ ነገር የሚያፍር ሰው አያለሁ፤ የማያፍር ግን ይበዛል።

ወደ ትረካው ልመለስ። ሂሩትና ዘርዓ ያዕቆብ በፍቅር ኖሩ፥ ልጅም ወለዱ፤ ስሙንም በበጎ አድራጊያቸው ስም ሀብቱ አሉት። ነገር ግን በዚህ ሰላም ውስጥ አንድ እሾኽ ነበረ። ዘርዓ ያዕቆብ በልቡ የሚያምነውን ለሰው አልገለጠም። ሰዎች እንደ እነርሱ ያለ ክርስቲያን ይመስላቸው ነበር፤ እርሱም ተዋቸው። ያልሆንሁትን መስዬ መኖሬ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብሎ ራሱን መርምሮአል። መልሱም ብናገር ይሰድቡኛል፥ ያሳድዱኛል እንጂ አይሰሙኝም፥ ለማንም አልጠቅምም የሚል ነበረ። ስለዚህ የሚያስበውን ጽፎ፥ ከእኔ በኋላ የሚመጣ አስተዋይ ቢያገኘው ይጨምርበት ብሎ ተወው።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዝም ማለት ሐሰት ነውን? ካንት በ1797 በጻፈው ጽሑፍ ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህን ፈልጎ በደጅህ ቢጠይቅህ እንኳ ሐሰት አትናገር ብሎ ብዙ ሰው አስቈጥቶአል። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ተጠይቆ ሐሰት አልመለሰም፤ ሳይጠየቅ አልተናገረም። በደርግ ዘመን በየቤቱ በሹክሹክታ የዘመሩ አማኞችም አደባባይ አልወጡም፥ ሐሰተኞችም አንላቸውም። እነርሱ ግን ለልጆቻቸው አስተማሩ፥ እርስ በርሳቸውም ተማመኑ፤ እርሱ የነገረው ለአንድ ደቀ መዝሙር ነው። እኔ ሚዛኔ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ለነፍሱ ሲል ዝም ማለቱን አልነቅፈውም፥ ዝምታውን ለሌላው ጥቅም ነው ብሎ ማሳመሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

እስካሁን የተረክሁልህ ሁሉ የተገኘው ሐተታ ከሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። አሁን ልሰውርህ የማይገባኝን ልንገርህ። ይህን መጽሐፍ ወደ አውሮጳ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን ማኅበር ኢጣልያዊ ካህን ነው፤ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለአንቷን ዳባዲ ላከው፥ ብራናውም ዛሬ በፓሪስ አለ። ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው፥ ሊቃውንትም አደነቁት። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ መጽሐፉን ያ ካህን ራሱ ጽፎ በሐሰት ስም አወጣው አለ፤ የካህኑ የልጅነት ስም ያኮፖ፥ ማለትም ያዕቆብ፥ መሆኑንም አመለከተ። ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ብዙ ደከመ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አስቀድመው ተጠራጥረው ነበር፥ ኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያዊነቱ አዘነበሉ። ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን ደግሞ ዳ ኡርቢኖ ነው ጸሐፊው ትላለች። ክርክሩ አልተዘጋም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ እንግዲህ ሁሉም ተረት ነው ብለው መጽሐፉን ይጥሉታል፤ ሌሎች ደግሞ የአገር ክብር ተነካ ብለው ይቈጣሉ። ሁለቱም ከምርመራ ይሸሻሉ። ነገሩን በምግባር ዓይን እንየው። ካህኑ ጽፎት ከሆነ፥ ሐሰትን የሚያወግዝ መጽሐፍ በሐሰት ስም ተጻፈ ማለት ነው። ፍሬው መልካም ነውና ምን አለበት ይል ይሆናል በፍሬ የሚመዝን ሰው። እኔ አልልም፤ ያልኖረ ሰው ኖረ ብሎ አንባቢን ማታለል የአንባቢውን ልቡና መንጠቅ ነው፥ መጽሐፉ ራሱ የሚከስሰውም ይህንኑ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ኖሮ ጽፎት ከሆነ ደግሞ፥ በኖረበት ጊዜ በጓደኞቹ ተከሰሰ፥ በሞተ በሁለት መቶ ዓመቱም የለህም ተባለ፤ ይህም ሌላ ግፍ ነው። ነገር ግን ስለ ሂሩት የተባለው ቃል ማንም ይጻፈው፥ በጓዳህ ያለችው ልጅ ፊት ስትቆም እውነትነቱ አይቀንስም። የሰው ስም በክርክር ውስጥ ቢሆንም ሐሳቡ በራሱ ይመዘናል፤ ይህን ሚዛን ደግሞ የሰጠን ያው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን የጻፈው በ68 ዓመቱ፥ ፋሲለደስ በሞተበት በ1667 ነው፤ የጻፈውም ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት አጥብቆ ስለ ለመነው ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ኖረ። የልጁን ልጆች አየ። በ93 ዓመቱ በእንፍራዝ ሞተ፥ ሂሩትም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። የመምህሩን ዕድሜና ሞት በመጽሐፉ መጨረሻ የጨመረው ወልደ ሕይወት ነው። ከዚያም የራሱን መጽሐፍ ጻፈ፤ በእርሱም ስለ እጅ ሥራ ክብር፥ ስለ ባልና ሚስት ፍቅር፥ ልጆችን ስለ ማሳደግ፥ ተርታ ሰው በየዕለቱ ስለሚያገኘው ነገር ሁሉ መከረ።